ቅቤ የጠጡ ማልያዎች

ፍኖተ ሰላም የተከራየኋት ክፍል ከግቢው በር በስተግራ ነበረች፤ ወርዷ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ርዝመቷ ሦስት። ለክቻታለሁ። አልጋዬን ከግድግዳው ካስጠጋሁ በኋላ የተረፈኝ ቦታ ለአንዲት ጠረጴዛ ብቻ በቃ። ቲሸርት ማስጌጥ የለመድኩት በዚያች ጠረጴዛ ላይ ነው። በሥራ ቀን ከዋናው መንገድ ዳር በሚገኝ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ከሥራ ስወጣ ደግሞ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ከአዲስ አበባ የሚላክልኝን የሚያብረቀርቅ ቪኒል እቆርጥና በካውያ ልብስ ላይ አጣብቃለሁ። ሰዉ ቪኒል አይለውም ነበር። «አብለጭላጭ» ይለዋል።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ኢንተርኔት ቤት እየገባሁ ቪዲዮ አይ ነበር፤ የቤቱ ማዳመጫ የተበላሸ ስለነበር ግን የሰዎቹን እጅ ብቻ ነው የተከታተልኩት። እነሱ በማሽን ይቆርጣሉ። እኔ ምላጭ ነበረኝ። ቪኒሉ የሚያብረቀርቀው ፊቱ ስስ ላስቲክ ላይ ተለጥፎ ይመጣል፤ ጀርባው ሙጫ ነው። ስለዚህ ቁጥሩንም ሆነ ፊደሉን በመስታወት እንደሚታይ ገልብጦ፣ ከጀርባው በኩል፣ ላስቲኩን ሳይነኩ ቪኒሉን ብቻ መቁረጥ ያስፈልጋል። እጅ ትንሽ ከከበደ ላስቲኩም አብሮ ይሄዳል። ትንሽ ከቀለለ ደግሞ ሲላጥ ይቀደዳል። ይህን ልክ ለማግኘት አራት ወር ፈጅቶብኛል። የምለማመደው በየስብሰባው በሚታደሉ ነጭ ቲሸርቶች ላይ ነበር፤ በዚያን ዘመን እነሱ የማይገኙበት ቤት አልነበረም። ለቁጥሮች ቅርጽ ማውጫ የሠራሁት ድኖ ከተነሳ ሰው ከተረፈ የራጅ ፊልም ነው። የሦስት ቁጥሩ ሆድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁለት የጎድን አጥንቶች ይታዩ ነበር።

አከራዬ እትዬ የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ የሚተዳደሩ፣ ሃምሳውን ያለፉ ሙስሊም ሴት ናቸው። ባለቤታቸው ቡሬ በርበሬ ስለሚነግዱ ቤት የሚመጡት በሳምንት አንዴ ነው። እትዬ የከሰል ካውያ ነበራቸው፤ የክዳኑ መቆለፊያ የአውራ ዶሮ ቅርጽ ያለው፣ እጀታው በእጅ ብዛት የጠቆረ። የኤሌክትሪክ ካውያ ልጃቸው ገዝታ ልካላቸው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል።

«ያኛው ምን አጠፋ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«አያናግረኝም» አሉ።

መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። በኋላ ሲተኩሱ እያየሁ ነው የገባኝ። ጣታቸውን ውኃ ነክረው አንዲት ጠብታ ካውያው ላይ ይጥሉና ድምፁን ያዳምጣሉ። ጠብታዋ ቆም ብላ ከፈላች፣ ገና ነው። ሸርተት ብላ ከሸሸች፣ ለጥጥ ደርሷል። ሳትታይ ከጠፋች በጣም ግሏል፤ ያኔ ክዳኑን ከፍተው አንድ ፍም በመቆንጠጫ ያወጣሉ። ሲተኩሱ አንድም ቀን ጨርቅ ሲያሳርሩ አላየሁም። እኔ በኤሌክትሪክ ካውያ፣ ቁጥር በተጻፈበት መዘውር፣ ሁለት ቲሸርት አቃጥያለሁ።

ሥራዬን እንደ ቁም ነገር የቆጠሩት አይመስለኝም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁትን ቲሸርት ያጠቡልኝ እሳቸው ናቸው። ማታ በሬን አንኳኩተው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ከቲሸርቱ የለቀቁት ስድስት ቁራጮች በጎመን ቅጠል ላይ ተደርድረዋል፤ አንድም አልጎደለም።

«ንብረትህን ውሰድ» አሉ። «በእግሬ አልረገጥኩትም። በእጄ ነው ያሸሁት። እንደዚያም ሆኖ ለቀቀ።»

አፍሬ ተቀበልኳቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ቲሸርት ስሠራ እሳቸው በድንጋይ ላይ ረግጠው ሳያጥቡት ለባለቤቱ አላስረክብም ነበር። ለማጠቢያው የጠየቁኝ ነገር የለም። የተረፈውን ቁጥር እያዩ፣ «ይኼኛው ጨዋ ነው» ካሉ ሥራው ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጅጋ ወዲያ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ የስፖርት አስተማሪው ወጣትና አንዲት ተማሪ ግቢያችን መጡ። ልጅቷ የመረብ ኳስ ቡድኑ አምበል ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። አስተማሪው ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አሥር አረንጓዴ ማልያ አውጥቶ አልጋዬ ላይ ደረደረ። ጥጥ ናቸው። ታጥበው በደንብ ታጥፈዋል። አንዳቸውም ላይ ቁጥር የለም።

«ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ከተማ ውድድር አለን» አለኝ። «ደንቡ ከፊትም ከኋላም ቁጥር ይላል። ዓምና በማርከር ጽፈን መጣን። ስናሟሙቅ ላባቸው አጠበው። ዳኛው ስድስት ይሁን ስምንት አይለይም ብሎ አሰለፋቸው፤ አሰለፋቸው ስልህ፣ ወደ መኪናው።»

ልጅቷ ፈገግ አላለችም። «እኛ ሳንጫወት ተመለስን» አለች። «ዘንድሮ የመጨረሻዬ ነው ጋሼ። እኛ ዘንድ ዘጠነኛ ክፍል የለም።»

ጋሼ ስባል ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር። የነበረኝ ቪኒል አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ወርቃማ፣ ዓይን የሚወጋ። አስተማሪው ጥቅልሉን ወደ መስኮቱ አዙሮ አየውና አመነታ።

«አይበዛም? የሠርግ አጃቢ አያስመስላቸውም?»

«ቲቸር፣ ዳኛው ዓምና አላየሁም ነው ያለው» አለች ልጅቷ። «ይኼን አላየሁም አይልም።»

ተስማማን። እንደሚሄዱ ሲነሱ ልጅቷ ወደ ራጅ ፊልሞቹ ጠጋ ብላ ሰባት ቁጥሩን አነሳችና በጣቷ ዳሰሰችው። «የኔ ነው» አለች። «አንገቱ ቀጥ ይበል።» እኔም ከምንም በላይ የምጠነቀቀው ለዚያ ስለሆነ ወደድኳት።

ሐሙስ ማታ ቁጥሮቹን በሙሉ ቆርጬ ጨረስኩ። ከጥቅልሉ የተረፈው ከክንድ ያነሰ ቁራጭና ከቁጥሮቹ ዙሪያ የወጣ ጥቂት ጥራዥ ብቻ ነው። ለዓርብ ከአሠሪዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። ጠዋት የፊቶቹን አሥሩንም ተኮስኩ፤ ሁሉም ያዙ። ቀዝቅዘው ላስቲኩን ስስበው ብቻውን ተላጠ፤ ቁጥሩ ከጨርቁ ጋር ቀረ። ደስ ብሎኝ ማልያዎቹን ገለበጥኩ።

የአንድ ቁጥር ጀርባ ግን ከላስቲኩ ጋር ተነስቶ መጣ።

ካውያው አልጋለም ማለት ነው ብዬ መዘውሩን ጨመርኩና ሁለት ቁጥርን ሞከርኩ። ጫፉ ትንሽ ያዘ፣ መሐሉ ተነሳ። ጊዜው አንሶ ይሆናል ብዬ ሦስት ቁጥርን በእጥፍ ያህል ጊዜ ተጫንኩት። ጨርቁ ገርጥቶ ማብረቅ ጀመረ፤ ቁጥሩ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። በማስታወሻ ደብተሬ ሦስቱንም ጻፍኩ፦ ሙቀት፣ ክብደት፣ ጊዜ። ሦስቱም ከፊቱ ጋር አንድ ናቸው። ቪኒሉ አንድ ነው። ጨርቁ አንድ ነው። አንድ ጊዜ የተነሳ ቪኒል ሙጫው ስለሚበላሽ ዳግመኛ አይሠራም። አራተኛውን ብሞክርና ብሳሳት የምተካበት አልነበረኝም። ካውያውን አጠፋሁና ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ጠዋት ያቺ ልጅ እንደገና ወደ መኪናው ስትሰለፍ ታየኝ።

ደጃፌ ክፍት ነበር። እትዬ የታጠበ ነጠላ በክንዳቸው ይዘው ሲያልፉ አዩኝ።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ሁልጊዜ ዝም ነው የምለው እትዬ።»

«ሌላ ጊዜ እጅህ አይቦዝንም።»

ነገርኳቸው። ነጠላውን ወንበሬ ላይ አኑረው ሦስት ቁጥርን አነሱ። ከፊት ለፊቱ ዳሰሱት። ገለበጡት። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አሹት። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አቀረቡትና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ቅቤ ጠጥቷል» አሉ።

«ታጥቧል እኮ።»

«ታጥቧል። በቀዝቃዛ ውኃ። ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል እንዴ? ዓመቱን ሙሉ ለብሰውታል። ልጆቹ ሹሩባ ናቸው፣ ሹሩባው ቅቤ አለው፣ ሲሮጡ በፀሐይ ይቀልጣል፤ ወዴት ይሂድ? በጀርባቸው ይወርዳላ። አንተ ደግሞ የቁጥሩን ቦታ ልክ እሱ ላይ አደረግኸው።»

አራት ወር ስለ ሙቀት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ጊዜ ጽፌያለሁ። ስለ ልጆች ፀጉር የጻፍኩት አንድም መስመር አልነበረም። ያየኋቸው ቪዲዮዎች ውስጥ ቅቤ የሚቀባ ሰው አልነበረም።

«ይወጣል?» አልኳቸው።

ወደ ቤታቸው ገብተው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይዘው ተመለሱ፤ ተራግፎ፣ ተጠርጎ፣ በአራት መዓዘን የተቆረጠ። ካውያቸው ቀድሞም ግሏል፤ እሁድ ለሚያገባ ሙሽራ ቤተሰብ ልብስ ሊተኩሱ ነበር። ማልያውን ዘርግተው አንድ ወረቀት ከሥር፣ አንድ ከላይ አድርገው ካውያውን አሳረፉበት። ሲያነሱት ወረቀቱ ላይ እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፍ ምልክት ወጣ። ከሁለቱ ትከሻዎች መሐል ጀምሮ ወደ ወገብ የሚጠብ፣ የሹሩባውን መውረጃ የሚያሳይ። ወረቀቱን ወደ ሰማይ ይዤ አየሁት። ደመና በዚያ በኩል ይታይ ነበር።

በየማልያው ወረቀቱ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዱን አምስት ጊዜ ደጋገሙ። የሰባት ቁጥርን ስድስት ጊዜ ተኩሰውታል።

«አምበሏ ናት» አልኳቸው።

«እናቷ ትወዳታለች» አሉ።

መሐል ላይ የሙሽራው ወንድም ልብሱን ሊወስድ መጣ። የታጠፈ ነገር እንደሌለ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«እትዬ፣ ዛሬ ነው ያሉኝ።»

«ብዬ ነበር። ሙሽራው መቼ ነው የሚታየው?»

«እሁድ።»

«እነዚህ ነገ ነው የሚታዩት። ነገ ማታ ና፤ ያልተተኮሰ ካገኘህ እኔን ትድራለህ።»

ልጁ ሳቀና ሄደ። እሳቸው አልሳቁም። ፍም ይመርጡ ነበር።

ከዚያ እንዶድ ወቀጡ። ውኃ አፈሉ። የማልያዎቹን ጀርባ ብቻ፣ የፊቱን ቁጥር ሳያጥፉ፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን አሹ። እኔ ውኃ አቀብላለሁ። ሽቦው ላይ ከፀሐይ ፊት ሲሰቀሉ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። እስኪደርቁ ከቁራጩና ከጥራዡ አንድንና ሁለትን እንደገና ቆረጥኩ። ለሦስት ሙሉ የሚሆን አልቀረም። ላይኛውን ግማሽ ከአንድ ጥራዥ፣ ታችኛውን ከሌላ አውጥቼ ወገቡ ላይ አጋጠምኳቸው። የጎድን አጥንቶቹ ባሉበት ቦታ ነው የተጋጠመው። አብለጭላጭ አንድ ደግነት አለው፤ መጋጠሚያን ይሸፍናል።

ማልያዎቹ ደርቀው ጠረጴዛው ላይ ሳስተካክል መብራት ጠፋ። የከተማው በሙሉ ነው። የኤሌክትሪክ ካውያዬን መሰኪያ ነቅዬ ቀና ስል እትዬ የራሳቸውን ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል።

«አልጋህ ላይ አይሆንም» አሉ። «ይለሰልሳል። ወደኔ አምጣው።»

የእሳቸው መተኮሻ አራት ጣት ውፍረት ያለው የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ያረጀ ጋቢ ተጠምጥሞበታል። እኔ ቁጥሩን በማስመሪያ እየለካሁ መሐል ላይ አስቀምጣለሁ፤ ስስ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። እሳቸው የካውያውን ጎን በሙሉ ይጠርጋሉ፤ አንዲት የአመድ ቅንጣት ብትወድቅ ሥራው ያበቃል። ከዚያ ጠብታውን ይጥላሉ። በዚያ ቀን ከጥጥ መተኮሻ ትንሽ ዝቅ እንዲል ነበር የፈለግሁት፤ እንዴት እንደምነግራቸው ግን አላወቅሁም።

«ጠብታዋ ሸርተት ስትል ሳይሆን ልትሸሽ ስታስብ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «አሁን ማዳመጥ ጀመርክ» አሉ።

በመጀመሪያው ላይ ሰዓቴን አውጥቼ ነበር። እሳቸው ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ክብደታቸውን በሁለት ክንዳቸው አሳረፉና ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በልባቸው የሚሉት ነገር አላቸው። ካውያውን ሳያንሸራትቱ ቀጥ አድርገው አነሱት። ሰዓቴ አሥራ አምስት ሰከንድ ይላል። ሁለተኛውም አሥራ አምስት። አራተኛው ላይ ሰዓቴን ኪሴ ከተትኩት።

አንድ ቁጥር እስኪቀዘቅዝ ጠበቅሁ። በእጄ ጀርባ ነክቼ ሙቀቱ መሄዱን አረጋገጥኩና የላስቲኩን ጥግ ያዝኩ። ብቻውን መጣ። ወርቃማው አንድ አረንጓዴው ላይ ቀረ፤ በጥፍሬ ብጭረው የማይነሳ። እትዬ ወዲያው ሁለተኛውን ማልያ አቀበሉኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አሥሩም አለቁ። ሦስት ቁጥርን ሲያዩ መጋጠሚያውን በጣታቸው ፈልገው አገኙት። ዓይናቸው ሳይሆን ጣታቸው ነው ያገኘው።

«ወገቧን ታማለች» አሉ፤ «ግን ትቆማለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ማልያዎቹን ይዤ ሜዳው ደረስኩ። ልጆቹ ከጅጋ በመኪና መጥተው ጥላ ሥር ቆመዋል። ስጠጋ ሽታው ደረሰኝ። የአሥሩም ሹሩባ በለጋ ቅቤ ተነክሮ ያብረቀርቃል፤ ፀሐዩ ገና ሳይከር አንገታቸው ላይ መውረድ ጀምሯል።

አስተማሪውን ጠራሁት። «ቅቤ እንዳይቀቡ ማለት ነበረብኝ» አልኩት፤ ምክንያቱንም ነገርኩት።

ራሱን ያዘ። «ብትልስ? ልጄ ከተማ ስትሄድ ተብሎ ሌሊት ነው የተቀቡት።»

ሙጫው አዲስ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልሞላውም፤ እትዬም እንደ ልማዳቸው ረግጠው ለማጠብ ጊዜ አላገኙም። ላብና የቀለጠ ቅቤ ከጠርዙ በኩል ቢገባ ምን እንደሚሆን አላውቅም። አልሞከርኩትም። በደብተሬ ውስጥ የለም።

በዚህ መሐል አምበሏ «ጋሼ፣ ሴትዮዋ ይጠሩሃል» አለችኝ። ዘወር ስል እትዬ ከሜዳው ጠርዝ ቆመዋል። በሥራ ቀን ከግቢ ሲወጡ ከገበያ በቀር አይቻቸው አላውቅም። በሻርፓቸው ሥር ትንሽ ጥቅልል ይዘዋል። ፈቱት። ከአሮጌ አንሶላ የተቀደደ ነጭ ጨርቅ ነው፤ አንድ ክንድ በአንድ ክንድ፣ ጠርዙ ተጠምዝዞ የተሰፋ፣ ተተኩሶ የታጠፈ። አሥር።

«መቼ ሠሩት?»

«አንተ ማታ ስትተኛ። እናት ልጇን ደረቅ ራስ አድርጋ ወደ ከተማ ትልካለች ብለህ አስበህ ነበር? እኔም አልልክም።» ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሩ። «ኑ እስቲ የኔ ቆንጆዎች። ማልያው ሳይለበስ ነው። አንገት ቀና።»

አንድ በአንድ ሹሩባቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ ማጅራታቸውን በጨርቁ ጠቅልለው፣ ግንባራቸው ላይ ቋጠሩላቸው። አንዷ ልጅ፣ «እማማ፣ እንደ ታመመ ሰው መሰልኩ» አለች።

«የታመመ ሰው አይዘልም። አንቺ ዝለይና አሳያቸው» አሏት።

ጨርቁ ለአሥሩም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሲሰለፉ የታሰበበት የደንብ ልብስ መሰለ። አስተማሪው እንኳ ቀና ብሎ ቆመ።

ዳኛው አጭር፣ ፊሽካውን በጥርሱ የያዘ ሰው ነው። በፊት በኩል አለፈ፤ ከዚያ ከኋላቸው ዞረ። ወርቁ ዓይኑን ወግቶት ይሁን እንጃ፣ በመዳፉ ጋረደ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ፤ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የመጀመሪያውን ቁጥር አሸት አደረገ። ጣቱን አየ። ሁለተኛውንም። ሦስት ቁጥር ላይ ሲደርስ ጥፍሩን በወገቡ በኩል አስገብቶ ጫረ። አጠገቤ እትዬ ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ካውያው ላይ ሆነው እንደሚያደርጉት ነው፤ ስንት እንደሚቆጥሩ አሁን አውቃለሁ። አሥራ አምስት ሳይደርስ ዳኛው ጥፍሩን አንስቶ ወደ አራት ቁጥር አለፈ።

መጨረሻ ላይ ወደ አምበሏ መጣ። «ዓምናም መጥታችሁ ነበር?»

«አዎ።»

«ያሁኑ በምን ተጻፈ?»

ልጅቷ ወደኛ ዞራ በአገጯ አመለከተች። «በእሳቸውና በእሱ» አለች።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ልጆቹ ወደ ሜዳ ገቡ።

አንዱን ጨዋታ አሸነፉ፣ ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው ተሸነፉ። ሰባት ቁጥር ስትዘል አንገቱ ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር፤ ከሜዳው ማዶ ሆኜ አይቼዋለሁ። ሲያበቃ እትዬ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ተቀበሉ። ሁሉም ቢጫ ሆነው ከብደዋል። አሥር መሆናቸውን ቆጠሩ፣ አንዱን አሸተቱ፣ «ለጋ ነው፤ አልተቆጠበም» አሉና በሻርፓቸው ሥር አስገቡት። ወደ ቤት ስንሄድ ቸኩለው ይራመዱ ነበር። የሙሽራው ልብስ ገና አልተተኮሰም።

ማታ ደብተሬን አውጥቼ ሙቀት፣ ክብደት፣ ጊዜ ከሚለው ሥር ጻፍኩ፦ መጀመሪያ ጀርባውን አሽት። ከግቢው ማዶ የካውያቸው ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ይሰማኝ ነበር። ተነስቼ ከሰል ላቀብላቸው ሄድኩ።